እስከዳር ለቅሶ ቤት የገባች ዕለት

የእድራችንን ድንኳን የምተክለው እኔ ነኝ። በሩን ወደ መንገድ አዞራለሁ፤ አግዳሚዎቹን ደግሞ ፊታቸውን ወደ በሩ አደርጋለሁ፤ የሚገባውን ለቀስተኛ ሁሉም እንዲያየው። ይህ አቀማመጥ ሰው ያስጨንቃል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

እስከዳር የብረት በርና መስኮት ሠሪው የአወቀ ልጅ ናት። ዘንድሮ ዐሥረኛ ክፍል ናት። ሰው ፊት መናገር አይሆንላትም። ባጃጅ ላይ «ወራጅ አለ» ማለት ስለሚያቅታት ሌላ ሰው እስኪወርድ ትጠብቃለች፤ ከዚያ ያለፈችውን መንገድ በእግሯ ትመለሳለች። ሱቅ ስትላክ ገዢው ሁሉ እስኪወጣ ውጭ ትቆማለች።

እናቷ ዝናሽ የዚህ ተቃራኒ ናት። ሙሾ ስታወርድ ሟቹን የማያውቀው ሰው እንኳ ያለቅሳል። የልጇ ዝምታ ያናድዳታል፤ «እንግዳ ሲመጣ ጓዳ የምትሸሸጊው ምን ሰርቀሽ ነው?» ትላታለች፣ ያውም እንግዳው እየሰማ። አባትየው ብየዳውን ይበይዳል እንጂ በዚህ ነገር አይገባም።

ልጅቱ አንድ ጓደኛ አለቻት፤ ፀደንያ። ባጃጁን የምታስቆምላት እሷ ናት። ክፍል ውስጥ መምህሩ እስከዳርን ሲጠይቃት «መልሱን ታውቀዋለች፣ ሰሌዳ ላይ ትጻፈው» ብላ የምታስፈቅድላትም እሷው ናት። ሌላ ጓደኛ የላትም።

ባለፈው ኅዳር የፀደንያ አባት አያ ነጋ ድንገት ዐረፉ።

እኛ ዘንድ ከሠርግ የቀረ ሰው ይቅርታ ያገኛል። ከለቅሶ የቀረ ግን ያስቀይማል፤ ቤተ ዘመዱ ሰላምታ እስከ መንሳት ይደርሳል። እስከዳርም ይህን አሳምራ ታውቃለች። በቀብሩ ዕለት ጥቁሯን ለብሳ መጣች። ድንኳኑ የሚታይበት መታጠፊያ ላይ ደርሳ ቆመች፤ ትንሽ ቆይታ ተመለሰች። እኔ ገመድ እየወጠርኩ አይቻታለሁ፤ የረሳችው ነገር ያለ መስሎኝ ነበር።

ድንኳን ውስጥ ሴቶቹ ዝናሽን «ምነው፣ እስከዳርስ?» ብለው ጠየቋት። ዝናሽን «ልጄ ሰው ትፈራለች» ማለት አሳፈራት። ትኩሳት ይዟት ተኝታለች አለች። ነገሩን በዚሁ የዘጋች መስሏታል፤ የሰፈሯን ወግ የረሳችው እዚያ ላይ ነው። ታመመ የተባለ ሰው ይጠየቃላ!

በማግስቱ እማማ ሽታዬ የእድሩን ሴቶች አስከትለው ብርቱካንና አንድ ጠርሙስ ጠበል ይዘው አወቀ ቤት ገቡ። ዝናሽ ልጇን ብርድ ልብስ ውስጥ ከተተቻት። ሴቶቹ አልጋውን ከበው ተቀመጡ። ግንባሯን ዳሰሱ፤ ከፍርሃት የተነሣ አልቧት ስለነበር ትኩሳቱን አመኑ። ጠበሉን ረጩባት፣ አስጠጧት። እማማ ሽታዬ ሊወጡ ሲሉ መልእክት አደረሱ። ፀደንያ ከፍራሽ ተነሥታ መውጣት ስለማትችል ነው እንጂ መጥታ በጠየቀቻት ነበር፤ ይህን ባለማድረጓ እንዳትቀየማት ትለምናታለች።

አባቷን የቀበረች ልጅ እሷን ይቅርታ ጠየቀቻት። ሴቶቹ እንደወጡ እስከዳር ተነሣች፤ ፊቷን ታጠበች፣ ጥቁር ነጠላዋን አንሥታ ለበሰች።

እናትየው በር ላይ ቆመችባት። አሁን ከሄደች ሰው ምን ይላል? ነገ ሻል አላት ተብሎ ይኬዳል አለቻት። አወቀ የብየዳ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ገፋ አድርጎ «ተያት፣ ትሂድ» አለ። ዝናሽ ባሏ በልጅ ጉዳይ ቃል ሲናገር ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማችው ያን ዕለት ነው፤ ከበሩ ፈቀቅ አለች።

ይህን ያወቅኩት ዝናሽ ኋላ ስትነግረኝ ነው። የሚከተለውን ግን የድንኳኑን የላላ ገመድ ስወጥር በሩ አጠገብ ቆሜ በዓይኔ አየሁት።

እስከዳር መታጠፊያው ላይ ደርሳ እንደ ትናንቱ ቆመች። ነጠላዋን በሁለት እጇ ጨምድዳ ይዛለች። ከዚያ መጣች። አካሄዷ ከነፋስ ጋር የሚታገል ሰው ይመስል ነበር። በሩ ላይ ስትደርስ ያ ሁሉ ሰው ቀና ብሎ አያት።

«አይ የጠበሉ ፍጥነት!» አሉ እማማ ሽታዬ፣ እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተው። «አሁን አይደል እንዴ አልጋ ላይ ትተናት የመጣነው!»

ሰዉ አማተበ። ልጅቱ ዝም ብትል ኖሮ ነገሩ ሁሉ በሸጋ ያልቅ ነበር፤ እናትም ከሐሜት ትድናለች፣ እሷም ተአምር የተደረገላት ልጅ ተብላ ገብታ ትቀመጣለች። አንድ ቃል እንኳ አይጠበቅባትም። እኔም ዝም እንድትል በልቤ ተመኘሁ።

«አላመመኝም» አለች። ድምፅዋ ቀጭን ነው፤ ዝምታው ግን ጥግ ድረስ አደረሰው። «ሰው ፈርቼ ነው የቀረሁት። ፀደንያ፣ ፈርቼ ነው።»

ገመዱ ከእጄ ወጣ። በስንቱ ድንኳን ስንት ደፋር ሰው ሲገባ አይቻለሁ፤ እንዲህ ያለ ግን አላየሁም። ያ ሁሉ ዓይን እያያት ከቆመችበት አልሸሸችም።

ፀደንያ ፍራሹ ላይ እንዳለች ቀና አለች። ለቅሶው አሳብጦት ዓይኗ ጠብቧል።

«እኔም ፈርቻለሁ» አለቻት። «ያለ እሱ እንዴት እንደምንኖር እንጃ። ነይ፣ እዚህ።»

ጠጋ ብላ ቦታ ለቀቀችላት። እስከዳር የሰዉን ጉልበት እየታከከች አልፋ አጠገቧ ተቀመጠች፤ ተቃቅፈውም አለቀሱ። እማማ ሽታዬ አፋቸውን በነጠላቸው ጫፍ ሸፍነው «እኔ ደግሞ ሙሉውን ጠርሙስ ረጨሁባት» ሲሉ ሴቶቹ እንባቸውን እየጠረጉ ሳቅ አመለጣቸው።

ዝናሽ ልጇን ተከትላ መጥታ ኖሮ ከበሩ ውጭ፣ እኔ አጠገብ ቆማ ሁሉንም ሰምታለች። ፊቷ ዐመድ መስሏል። የሚያፍር ሰው እንደሚያደርገው ትመለሳለች ብዬ ነበር። ግን ገባች። ያቺ ሙሾ አውራጅ አንድ ቃል አላወጣችም፤ አጎንብሳ የፀደንያን ጉልበት ሳመች፣ ቀጥላም የልጇን። ከዚያ ቦታ ሳትመርጥ መጨረሻ ያለው አግዳሚ ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

ሲመሽ እናትና ልጅ አብረው ወደ ቤት ሄዱ። ዝናሽ እንደምትለው፣ መንገድ ላይ «እንዴት ቻልሽው?» ብላ ጠየቀቻት። ልጅቱም አልቻልኩም፣ እስካሁን እየተንቀጠቀጥኩ ነው ብላ እጇን ሰጠቻት። ዝናሽ ያንን እጅ ቤት እስኪደርሱ ድረስ አልለቀቀችውም።