አባቴ የዘራው ሚስማርና የአዴ ዘይቱና አማና

አምሳ አለቃ በቀለ ሁለቱን ማሽን ጓሯችን ውስጥ ጎን ለጎን አጋደማቸውና «ድንጋይ ያለኝ ለአንዱ ብቻ ነው... ምረጡ» አለን።

የባትሪ ድንጋይ ማለቱ ነው። በደርግ ጊዜ አሰበ ተፈሪ ውስጥ የባትሪ ድንጋይ ማግኘት ራሱን የቻለ ሥራ ነበር።

አምሳ አለቃ ጡረታ የወጣ ፈንጂ አምካኝ ነው። ያን ሰሞን ሚኤሶ የውሃ ጉድጓድ ከሚቆፍሩ ፈረንጆች ጋር ይሠራ ነበር። ከባዱ ማሽን የድሮ የፈንጂ መፈለጊያ ነው። ቀለል ያለው ደግሞ የፈረንጁ አለቃው ነው፤ ሰውየው በእረፍት ቀኑ ሜዳ ለሜዳ እየዞረ የጥንት ሳንቲም የሚፈልግበት። እንዲህም ያለ መዝናኛ አለ እንግዲህ!

እኛ ግን ሳንቲም አይደለም የምንፈልገው። የሰው አማና ነው፣ አደራ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የፍተሻ ወሬ በተሰማ ቁጥር ሰው ያለችውን ነገር ይቀብር ነበር። ጎረቤታችን አዴ ዘይቱና ከእናቷ የወረሰችውን የብር ድሪና አምባር ይዛ መጥታ ለአባቴ «አማና ነው፣ ልጄ ስታገባ እወስደዋለሁ» ብላ ሰጠችው። አባቴም ከእናቴ ጌጥ ጋር በላስቲክ ጠቅልሎ ጓሮ ቀበረው። የት እንደቀበረው ግን ለእናቴም አልነገራትም። «ካላወቅሽ አትጨነቂም» አላት።

አባቴ ሚስማርና ቆርቆሮ ነጋዴ ነበር። ብልጠት ደግሞ ይወዳል! ፈታሾቹ የተቀበረ መሣሪያ በማሽን እንደሚፈልጉ ሲሰማ የተጣመመ ሚስማር በጆንያ አምጥቶ ጓሮውን በሙሉ እንደ ማሽላ ዘራበት። ፈታሾቹ መጡ፣ ማሽኑ ጮኸ፣ ቆፈሩ... ሚስማር። ፈቀቅ አሉ፣ ጮኸ፣ ቆፈሩ... አሁንም ሚስማር። በመጨረሻ ተራግመው ሄዱ። አባቴ ሰሞኑን ሁሉ ብቻውን ሲስቅ ከረመ።

ቆይቶ ሱቃችን ተዘጋ። ከዚያ አንድ ቀን ከጁምዓ ሲመለስ በራፍ ላይ ወደቀ፣ አንደበቱም ተያዘ። በእጁ ወደ ጓሮ ያመለክትልናል... ጓሮው ግን ሰፊ ነው። አላህ ይማረው፣ በዚያው ሄደ።

ስንት ጊዜ ቆፈርን መሰላችሁ! ሌላ ሱቅ የሚያስከፍት ሚስማር ለቀምን እንጂ ሌላ ነገር የለም። አዴ ዘይቱና «አፉ ብዬዋለሁ፣ ይቅር ብያለሁ፣ በቃ ተዪው» ትላለች። እናቴ ግን ወይ ፍንክች! «የሰው አማና ተሸክሞ ቀብር ውስጥ እንዴት ይተኛል?» እያለች ከሰገደች በኋላ መስገጃዋ ላይ ታለቅሳለች። ይባስ ብሎ የአዴ ዘይቱና ልጅ ኒካህ ደረሰ። ልጅቷ ባዶ አንገቷን ልትዳር ነው። እናቴ አምሳ አለቃን ለምና ያስመጣችው ለዚህ ነው።

«ይሄኛው ጠልቆ ያያል» አለ አምሳ አለቃ ከባዱን እያሳየን። «ግን ብረት ባገኘ ቁጥር ይጮሃል። የፈረንጁን ደግሞ ይችን ቁልፍ ሲያዞሯት ሚስማሩን ይንቀዋል። ብር ካገኘ ነው የሚጮኸው። ችግሩ፣ እትዬ... ከስንዝር በታች ብዙም አያይም።»

እኔ ወዲያው «ከባዱ ይሁን!» አልኩ። «አባዬ ሞኝ ነው እንዴ፣ ስንዝር ላይ የሚቀብረው?»

እናቴ ገላመጠችኝ። «አባትህ እኮ ወገቡን ያመው ነበር። ካልሲውን እንኳ የማደርግለት እኔ ነበርኩ! ስንዝር ከቆፈረም ጎብዟል። አምሳ አለቃ፣ የፈረንጁን አምጣልኝ።»

ከባዱን ማሽን ጎትቼ ወደ ዳር አወጣሁት።

አምሳ አለቃ ድንጋዩን ማሽኑ ውስጥ ከትቶ መዞር ጀመረ። በጫቱ ሥር አለፈ... ዝም። በአጥሩ ጥግ... ዝም። ያ ሁሉ ሚስማር ከታች ተኝቶ ማሽኑ ጭጭ! «ተበላሽቶ ይሆናል» ልል ስል ከልብስ ማጠቢያው ድንጋይ አጠገብ «ጢጥ!» አለ። እናቴ ዶማ እስካመጣ አልጠበቀችም፣ በእጇ ጫረችው። ስንዝር እንኳ ሳይሞላ ላስቲኩ ብቅ አለ።

«ዘይቱናአአ! ነይ! ነይ ቶሎ!»

አዴ ዘይቱና ሻሿን ሳታስተካክል በአጥሩ ቀዳዳ ገባች። እናቴ ላስቲኩን ራሷ እንድትፈታ አደረገቻት። «አንድ በአንድ እዪው፣ የጎደለ እንዳይኖር» አለቻት። ድሪው አለ። አምባሮቹ አሉ። ጠቁረዋል እንጂ ምንም አልሆኑም። አዴ «ያ ረቢ! ሁሉም አለ!» ብላ እናቴን አንገቷን አቅፋ ተንሰቀሰቀች።

ከዚያ ቀና ብላ «ያንቺስ?» አለቻት።

እናቴ ላስቲኩን ገለበጠችው። ባዶ ነው። ጉድጓዱን ዳበሰችው። አምሳ አለቃም ማሽኑን ደጋግሞ አዞረበት... ዝም።

ያኔ ገባን። ሱቁ ከተዘጋ በኋላ አባቴ «አላህ ሰጠን» እያለ ዱቄትና ዘይት ይዞ ሲገባ ከየት እንደሚያመጣው ጠይቀነው አናውቅም። ያን የታመመ ወገቡን ይዞ ጉድጓዱን ከፍቶ፣ የራሱን ቤት ጌጥ አውጥቶ፣ የሰውን እንደነበረ መልሶ ቀብሮታል።

እናቴ አሁን ትጮሃለች ብዬ ጠበቅኩ። እሷ ግን አፈር የነካ እጇን ወደ ሰማይ ዘርግታ «አልሐምዱሊላህ! የኔን ነው የነካው! የኔን ብቻ ነው!» አለች። እየሳቀች ታለቅስ ነበር። እኔም አባቴን እንደዚያን ቀን ወድጄው አላውቅም።

አምሳ አለቃንም ያን የማላውቀውን ፈረንጅም ዛሬም ድረስ አመሰግናለሁ... ባሏ ጌጧን ሸጦባት አልሐምዱሊላህ ያለች ሴት ግን ከእናቴ ሌላ አላየሁም።