የአያ ይሁኔ ብርጭቆ

ይቅርታ አድርጉልኝ። እኔ ፊደል የቆጠርኩት ልጅ ከወለድኩ በኋላ ነው፤ መጻፍ የእኔ ሥራ አይደለም። ምን አውቃ ጻፈች እንዳልባልም እፈራለሁ። አሲያን ግን አውቃታለሁ። ቆቦ መናኸሪያው አጠገብ ጁስ ቤት አላት፤ እኔ ፍራፍሬ አጥባለሁ፣ እልጣለሁ።

አሲያ የዋጃ ልጅ ናት። መጀመሪያ ጉሊት ላይ ሎሚ ትሸጥ ነበር፣ ኋላ መፍጫ ገዛች። ካሮትና ቀይ ሥርም ትፈጫለች። አትክልት ብታቀርብለት የማይነካ ሾፌር እሱን ይጠጣል፤ ይኼ መቼም ጥሩ ነው።

አንድ ልማድ አላት። ፍራፍሬ ያመጣላት ገበሬ ከራሱ ጭነት ተፈጭቶለት ሳይጠጣ ስለ ዋጋ አታወራም። ገበሬው እምቢ ካለ ዕቃው ያጠራጥራል፣ እሷ ካልሰጠችው ደግሞ ንቃዋለች ማለት ነው።

አያ ይሁኔ ከሮቢት ፓፓያና ማንጎ ያመጣሉ። ስኳር በሽታ አለባቸው። ሻይ ያለ ስኳር ነው የሚጠጡት፤ እኛ ጋ ሲመጡ ግን ትልቁን ብርጭቆ ማንጎ ጭልጥ ነው። «ስኳር አልጨመራችሁበት፤ የራሴ ዛፍ ምን ያደርገኛል?» ይላሉ። እኛም እንደዚያው ይመስለን ነበር።

ትናንት፣ በገበያ ቀን፣ እያነከሱ መጡ። እንደ ልማዱ ከጭነታቸው ማንጎ ተፈጭቶ በትልቁ ብርጭቆ ቀረበላቸው። እሾህ የወጋቸው እግራቸው አልድን ብሏል። ሕይወት የምትባል ነርስ ጁስ ልትጠጣ ተቀምጣ ነበርና ቁስሉን አየችው።

«አያ ይሁኔ፣ ስኳርዎ ካልወረደ ይኼ እግር እስከ መቆረጥ ይደርሳል።»

«ኧረ እኔ ስኳር የሚባል አልነካም!»

«ይኼ ብርጭቆስ? ስንት ማንጎ ነው የገባበት? ቁጭ ብለው ያን ሁሉ ይበሉት ነበር? አሰሩ ማጥለያው ላይ ቀርቶ ጣፋጩ ብቻ ነው የሚወርደው፣ ቶሎ ደም ውስጥ ይገባል። ፍሬውን ትንሽ ቆርጠው ቢያኝኩት ይሻላል።»

«አንቺስ ምን ልትጠጪ መጣሽ?»

«እኔ ስኳር የለብኝ። እኔም ብሆን በየቀኑ አልጠጣም፣ ጥርስ ይጎዳል።»

አሲያ ብርጭቆውን አነሳችው። አያ ይሁኔ ፊታቸው ተለወጠ።

«ዕቃዬን ናቅሽው?»

«ወላሂ አልናቅሁም!»

«እንግዲያው ስጪኝ።»

«አልሰጥም፣ አያ።»

ጭነታቸውን መልሰው ባጃጅ ላይ ጭነው ሄዱ። አሲያ ቀኑን ሙሉ ሰው ሲያናግራት እንኳ አትሰማም ነበር። ስንዘጋ፣ «ተቀይመው ሌላ ጁስ ቤት ገብተው ቢጠጡስ?» አለችኝ።

ዛሬ ጠዋት ከአሲያ ጋር ሱቁን ሳንከፍት በሚኒባስ ሮቢት ሄድን። አያ ይሁኔ እግራቸውን በርጩማ ላይ ሰቅለው ደጅ ተቀምጠዋል፤ የትናንቱ ጭነት ከጆንያው ወጥቶ አጠገባቸው ተዘርግቷል። ቀና ብለውም አላዩንም። አሲያ ከትናንቱ ጭነት አንድ ፓፓያ አንስታ ስስ አድርጋ ቆረጠች፣ ያንኑ ለሁለት ከፈለችው።

«ቢስሚላህ» ብላ የራሷን ጎረሰች። «እኔ ቀመስኩ። አሁን የእርስዎ ተራ ነው።»

«ይቺማ የወፍ ናት» አሉ።

«ወፍ እግሯ ደህና ነው።»

ሳቃቸው አመለጣቸው። ተቀብለው ቀስ ብለው አኘኩት። ከዚያ ስለ ዋጋ መነጋገር ጀመሩ፤ እኔም ወደ ቆቦ ልንወስደው የተዘረጋውን ፍራፍሬ ወደ ጆንያው መለስኩ።