ያልሸሹት ሴሎች

ጉለሌ ያለው ላቦራቶሪ ሥራ የጀመርኩት ከዩኒቨርሲቲ እንደወጣሁ ነው። አለቃዬ ፀጉራቸው የሸበተ ሐኪም ነበሩ፤ ሁላችንም ዶክተር እንላቸዋለን። ሰውነት አንዴ የታገለውን ቫይረስ እንዴት አድርጎ እንደሚያስታውስ ለማወቅ ዕድሜያቸውን የሰጡ ሴት ናቸው።

ያን ጊዜ የቢጫ ወባ ክትባት የሚወስዱ ሰዎችን ደም እናጠና ነበር። ክትባቱ የተዳከመ ግን ሕይወት ያለው ቫይረስ ስለሆነ፣ ሰውነት እውነተኛ በሽታ እንደገባበት ቆጥሮ ይነሳል። ፈቃደኞቹ ከመከተባቸው በፊትም በኋላም እየመጡ ደም ይሰጡናል። ከእነሱ አንዱ ሸጎሌ በግ የሚነግዱ፣ ለሐጅ ጉዞ ሊከተቡ የመጡ ሰው ነበሩ።

ዶክተር ለእያንዳንዱ ፈቃደኛ ውጤቱን በኮምፒውተር ያሳያሉ። ስክሪኑ ላይ አንዱ ነጥብ አንድ ቲ ሴል ነው፤ ቫይረሱን ለይቶ የሚያውቅ ነጭ የደም ሴል። ከክትባቱ በፊት የነጋዴው ነጥቦች ተፈልገው የሚገኙ ነበሩ። ከተከተቡ ከሁለት ሳምንት ገደማ በኋላ ግን ቦታው ጢም አለ።

"ይሄ ሁሉ የኔ ነው?" ብለው ሳቁ።

ከመካ ተመልሰው፣ ሐጂ ተብለው ሲመጡ ግን አብዛኞቹ ነጥቦች የሉም። ሐጂ ስክሪኑን አዩና ማብራሪያ ሳይጠብቁ ወጡ። በሚቀጥለው ቀጠሮ ቀሩ። ስደውልላቸው "ሥራ በዝቶብኝ ነው" አሉኝ፤ ደግሜ ስደውልም ያው።

ሌላ አለቃ ቢሆን ስማቸውን ሰርዞ ሌላ ሰው ይፈልግ ነበር። ዶክተር ግን ነጭ ጋዋናቸውን አወለቁና "ተነሺ፣ እንሂድ" አሉኝ። ከአዲሱ ገበያ ታክሲ ይዘን ሸጎሌ ሄድን።

ሐጂን በጎቻቸው መሃል አገኘናቸው። ሲያዩን ደነገጡ።

"ዶክተር፣ እስከዚህ ድረስ ምን አለፋዎት?"

"ሲጠፉብን ጊዜ እኛ መጣን።"

ሐጂ ከበጎቹ መሃል ወጥተው መጡ። "እውነቱን ልንገርዎት። ደሜ ውስጥ የነበሩት አልቀዋል። ጉዞው ጨርሶኛል መሰለኝ። ያለቀ ነገር እየተመላለስኩ ባይ ምን ይጠቅመኛል?"

"አላለቁም፣ ሐጂ። ቫይረሱ ሲገባ እሱን የሚያውቁት ጥቂት ሴሎች ይባዛሉ። ቫይረሱ ሲጠፋ ግን ያ ሁሉ አያስፈልግም፤ ሁሉም እንደዚያው ቢቆይ እርስዎኑ ይጎዳዎታል። ስለዚህ አብዛኞቹ ይሞታሉ፣ ጥቂቶቹ ይቀራሉ። የሚያስታውሱት የቀሩት ናቸው።"

ሐጂ አሰቡበት። "የቀሩት ታዲያ ከትግሉ ሸሽተው የተደበቁት ናቸው?"

ዶክተር ፊታቸው በራ። "ይሄን እኛም ብዙ ጊዜ ጠይቀናል። እስካሁን ባየነው አይደሉም። በመጀመሪያው ሰሞን ከሌሎቹ ጋር አብረው የተባዙ ናቸው። አሁን አርፈዋል እንጂ አልሸሹም።"

"እንዲህ ከሆነ እመጣለሁ" አሉ ሐጂ።

ስንመለስ ታክሲ ውስጥ፣ ለአንድ ሰው ደም ብለን ግማሽ ቀን ማጥፋታችን እንደገረመኝ ነገርኳቸው።

"ነገሩ ሳይገባቸው ክንዳቸውን እንዲሰጡኝ አልፈልግም" አሉ።

ሐጂ ቃላቸውን ጠበቁ። ከተከተቡ ዓመት ካለፋቸው በኋላ የሰጡንን ደም ወስደን፣ ሴሎቹን ከቫይረሱ ቁርጥራጭ ጋር ቀላቀልናቸው። ቫይረስ አይቶ የማያውቅ ሴል ለመነሳት ቀናት ይፈልጋል። የሐጂ ጥቂት ሴሎች ግን በማግስቱ ጠዋት ነቅተው፣ ሥራቸውን ጀምረው አገኘናቸው።

ዶክተር ሐጂን አስጠርተው የራሳቸውን ወንበር ለቀቁላቸው። ሐጂ ወደ ስክሪኑ ጠጋ ብለው አተኩረው አዩ።

"አውቀውታል ማለት ነው?"

"አውቀውታል።"

"አልሐምዱሊላህ" አሉ ሐጂ ቀስ ብለው።

እሳቸውን ሸኝቼ ስመለስ ዶክተር አሁንም እንደቆሙ ነበሩ። ይህን ነገር ስንት ዓመት አይተውታል፤ ያን ዕለት ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ያዩት ይመስሉ ነበር።

"ነይ፣ ተመልከቺ" አሉኝ። "ዓመት ሙሉ የጠራቸው የለም፤ ሲጠሩ ግን ወዲያው ተነሱ።"