በአለቃው በኩል ያለው ምሰሶ

ሴሚሲ በቫቫኡ ደሴት ሠላሳ ዓመት የግንባታ ንድፍ ሲሠራ ኖሯል። ከሥራው ሁሉ የሚኮራው በመንደሩ የቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ነበር፤ ወደ ባሕሩ በሚያዘቀዝቀው መሬት ላይ በምሰሶ በቆመው።

ጡረታ በወጣ በሁለተኛው ዓመት የድሮ ወረቀቱን ሲያገላብጥ ስሕተቱን አገኘው። ያኔ ከኦክላንድ ተምሮ እንደመጣ፣ ወለሉን በሚሸከመው አግዳሚ እንጨት ላይ የሚያርፈው ክብደት ከዳር እስከ ዳር እኩል የተነጠፈ ነው ብሎ ድምሩን መሐል ላይ አሳርፎት ነበር፤ ለሁለቱ ዳር ምሰሶዎችም እኩል አካፍሏል። የመንደሩ ሰው ግን መቼ እኩል ተቀምጦ ያውቃል? በዓመቱ ጉባኤ በስጦታ የሚመጣው የቦዬ ሥር፣ አሳማው፣ ምንጣፉ ሁሉ የመንደሩ አለቃ ፊት ይቆለላል፤ ወደ ኋላ እየሳሳ ሄዶ በሩ ጋ ባዶ ይሆናል። እንዲህ ሲሆን የክብደቱ ድምር ወደ አለቃው ይጠጋል፤ በአለቃው በኩል ያለው ምሰሶም ግማሹን ሳይሆን ከሦስት እጅ ሁለቱን ይሸከማል። በዚያ ላይ ምስጥ በልቶታል። ሴሚሲ ይህን ክምር በልጅነቱ በዐይኑ እያየ ያደገ ሰው ነው፤ ወረቀት ላይ ግን ረሳው።

የቤተ ክርስቲያኑ አስተዳዳሪ ኢሲሌሊ ዘንድ ሄዶ ምክንያቱን ሳይናገር ሌላ ምሰሶ እንጨምር አለ። የሚቆፈረው የአለቃው አያት መቃብር ላይ ነውና አይሆንም ተባለ። እንግዲያው ቦዬው ወደ መሐል ይምጣ ብሎ ለመነ።

ኢሲሌሊ ሳቀ። «የአለቃውን ቦዬ በር ላይ ልደርድረው? ከዚያ እኔን የት ልትደብቀኝ ነው፣ ጋሼ?»

የሴሚሲ ልጅ ሉሴአኔ መዘምራኑን የምትመራው ከክምሩ አጠገብ ቆማ ነው። በጉባኤው ጠዋት ኋላ ሆናችሁ ዘምሩ አላት፤ መሳሳቱንም ነገራት። ለክብር ወገቡ ላይ የታጠቀውን ምንጣፍ አጠበቀችለት።

«ይህን ለሰው እንዳትናገር፣ አባዬ» አለችው። «እኔም አልሰማሁህም።»

ሴሚሲ በሩ አጠገብ ተቀመጠ። ክምሩ ከሰው ቁመት በለጠ፤ አሳማዎቹም መጡ። ከፊት በኩል በወለሉና በግድግዳው መካከል ጣት የሚያስገባ ክፍተት ታየው። ሌላ ማንም አላየም። መዘምራኑ ሲነሡ እሱም ተነሣ፤ በአለቃው ፊት እንደሚገባው ጎንበስ ብሎ አለፈና ከልጁ ጎን ቆመ።

«ምን ልትሆን መጣህ?» አለች በሹክሹክታ።

«ልዘምር።»

«ድምፅ የለህም እኮ።»

እጇን ያዘ፤ ወለሉ ከእግሩ ሥር ቀስ እያለ ሲወርድ እየተሰማው መዘመር ጀመረ።