በቶይባ ስም የተጻፈው ቁጥር

ሶረቲ ነገሪ አዳማ በሚገኝ አንድ የዓሣና የአትክልት ኅብረት ሥራ ማኅበር የኮምፒውተር ክፍል ኃላፊ ናት። ክፍሉ ማለት እሷ ብቻዋን ናት። ከቢሮዋ ጀርባ ማቀዝቀዣ ያለማቋረጥ የሚጮህባት ጠባብ ክፍል ውስጥ የማኅበሩ ሰርቨሮች ተደርድረዋል። ማኅበሩ ከማንም አልተከራያቸውም፤ የራሱ የግል ክላውድ፣ ማለትም የገዛ መረጃ ማከማቻው ናቸው። ከቆቃ የሚመጣው ዓሣ፣ ከመቂ የሚጫነው ሽንኩርት፣ የማቀዝቀዣ ክፍሎቹ ሙቀት ሳይቀር እዚያ ይመዘገባል።

ሥራ ስትጀምር መጀመሪያ ያስገረማት የኮምፒውተሮቹ ስም ነበር። አንዱ «ዘርፉ»፣ አንዱ «ሐዲስ»፣ ሌላው «ቶይባ» ይባላል። ከእሷ በፊት የነበረው ፈይሳ ሥራ እንዲቀለው ብሎ እያንዳንዱን ማሽን መጀመሪያ በተቀመጠበት ሰው ስም ጠርቶታል። ከተማችንም እንዲሁ ናት። ለባጃጅ ሹፌር «ዳቦ ቤቱ ጋ» ካሉት ቀጥ አድርጎ ያደርስዎታል፤ ዳቦ ቤቱ ግን ከተዘጋ ቆይቷል፣ አሁን እዚያ የሚሸጠው ሞባይል ነው። ከሰው ጋር እስከተግባባን ድረስ ጉዳት የለውም። ማሽን ሲያምነው ነው ጉዱ የሚመጣው።

ነገሩ ደስ የሚል ስለሆነ ቀስ ብለን እንየው። ኮምፒውተሮች እርስ በርስ የሚተዋወቁት በቁጥር ነው፤ እኛ ደግሞ ስም እንወዳለን። በመካከል ሆኖ የሚያስማማን ዲኤንኤስ የሚባለው አገልግሎት ነው። «ቶይባ የት ናት?» ብለው ቢጠይቁት ቁጥሯን ይነግርዎታል። የተገላቢጦሹን፣ «ይህ ቁጥር የማን ነው?» ብለው ቢጠይቁትም ስም ይሰጣል። አንድ መዝገብ ከፊትና ከኋላ የሚያነብ ይመስላል፤ አይደለም! ሁለቱ ለየብቻ የሚጻፉ መዝገቦች ናቸው። በግል ክላውድ ውስጥ ደግሞ ሁለቱንም የምንጽፈው እኛው ነን፤ ተሳስታችኋል የሚለን የውጭ ሰው የለም። የመጀመሪያው ቢሳሳት ሥራ ይቆማል፣ ሰው ይጮኻል፣ ወዲያው ይታረማል። ሁለተኛው ቢሳሳት ማንም አይጮኽም።

የዐቢይ ጾም ገበያ ሊገባ ሲል፣ ዓሣ በሚፈለግበት ወቅት፣ የአንዱ ማቀዝቀዣ ክፍል ማስጠንቀቂያ ከአንድ ኮምፒውተር በተላከ ትእዛዝ ጠፍቶ አደረ። ክፍሉ ሞቀ፣ ዓሣው ሸተተ። ለዚህ ሥራ የተዘጋጀው የይለፍ ቃል የሁሉም የጋራ ስለነበር ያጠፋውን ሰው ለይቶ የሚያሳይ ነገር የለም፤ የሰርቨሩ ሪፖርት የሚለው ትእዛዙ የመጣበትን ማሽን ስም ብቻ ነው። ሪፖርቱ «ቶይባ» አለ።

ቶይባ የዓሣ መጋዘኑ ኃላፊ ናት። ሥራ አስኪያጁ አቶ ሰይፈሚካኤል መጫኛው ላይ፣ በሹፌሮችና በአስጋሪዎች ፊት፣ «ቁልፍ አስረክቢና ከግቢ ውጪ!» አሏት። ከዚያ ጥፋቱ የቶይባ ነው የሚል ወረቀት ይዘው ወደ ሶረቲ መጡ።

«እንደ ባለሙያ ፈርሚበት። ማሽኑ የጻፈውን ነው የምታረጋግጪው።»

«ማሽኑ የጻፈው ስም ነው። ስሙን ለማሽኑ የነገረው ግን ሰው ነው። አልፈርምም።»

«ቶይባ ዘመድሽ ናት?»

«አይደለችም።»

«ታዲያ አንቺን ምን አገባሽ?»

«ፊርማው የኔ ነዋ!»

አቶ ሰይፈሚካኤል ክፉ ሰው አይደሉም፤ ግን የዓሣው ባለቤቶች በር ላይ ቆመውባቸዋል። «ካልፈረምሽ ነገሩ ወደ አንቺ ይዞራል» አሉ።

«ይዙራ። የት እንዳለሁ ያውቃሉ፤ ሰርቨር ክፍል ነኝ።»

በሩን ዘግታ ሥራ ጀመረች። ሪፖርቱ የሚያትመው ስም ቢሆንም ሰርቨሩ ከሥሩ ቁጥሩን ይዞታል። ቁጥሩን አወጣች፤ ከዚያ ሁለቱን መዝገቦች ጎን ለጎን አስቀምጣ አነበበች። አንብባ ስትጨርስ ከወንበሯ ተነሳችና ለብቻዋ አጨበጨበች። ቀጥሎ የማኅበሩ ኮሚቴ እንዲጠራ ራሷ ጠየቀች።

ኮሚቴው ሲሰበሰብ የቆቃ አስጋሪዎች ተወካይ ጋሽ ሰንበታ ፊት ለፊት ተቀመጡ። «ኮምፒውተሩ መሰከረ ይሉኛል» አሉ። «ለመሆኑ ቃለ መሐላ ፈጽሟል?»

ሶረቲ ሳቋን ዋጥ አድርጋ ስክሪኑን ግድግዳ ላይ አበራች። «ጋሽ ሰንበታ፣ እርስዎ ይጠይቁልኝ። ይህ ቁጥር የማን ነው?»

ቁጥሩ ገባ። መልሱ «ቶይባ» ሆነ።

«ይኸው!» አሉ አቶ ሰይፈሚካኤል።

«ቆይ፣ አልጨረስንም። አሁን ደግሞ በስሟ እንጠይቀው። ቶይባ የት ናት?»

ሌላ ቁጥር መጣ።

«ቶይባ ወደ ላይኛው ቢሮ ስትዛወር ኮምፒውተሯ አዲስ ቁጥር ተሰጠው» አለች ሶረቲ። «ፈይሳ የመጀመሪያውን መዝገብ አስተካከለ፤ ካላስተካከለ ቶይባ ሥራ መሥራት አትችልም። የተገላቢጦሹን ግን ረሳው። አሮጌው ቁጥሯ ለሌላ ማሽን ተሰጠ፤ ስሟ ግን እዚያው ቀረ።»

«ለየትኛው ማሽን?»

«ኑ፣ ላሳያችሁ።»

ተያይዘው ወደ ሚዛን አዳራሹ ወረዱ። ጠረጴዛው ላይ የዓሣ ቅርፊት የተጣበቀበት ኮምፒውተር ተቀምጧል። ሶረቲ ቁጥሩን ከማሽኑ ላይ አሳየቻቸው፤ ያው ራሱ ነው።

«እንዴ! ይሄ እኮ ኳስ የምናይበት ነው!» አለ ከኋላ የቆመ ሹፌር። ወዲያው ባላልኩ ብሎ አፉን ያዘ።

አቶ ሰይፈሚካኤል ፊታቸውን ጠረጉ። «ታዲያ ማን ነው ያጠፋው?»

«ይህን ማሽን የማይነካካው የለም። አላውቅም። የማላውቀውን ሰው ስም ደግሞ አልሰጥም።»

«እሺ፣ ቶይባ ሰኞ በጸጥታ ትመለስ።»

«አይሆንም።»

«ምን አልሽ?»

«ሲያባርሯት በጸጥታ አልነበረም። የት ቆመው እንደተናገሩ ሁሉም ሰምቷል፤ እዚያው ቆመው ይናገሩ።»

ጋሽ ሰንበታ በከዘራቸው መሬቱን መታ መታ አደረጉ። «ልጅቷ ልክ ናት፣ ሰይፈሚካኤል።»

ሰኞ እስኪደርስ ሶረቲ የተገላቢጦሹን መዝገብ ከሥር ጀምራ ጻፈችው። በዚህ መዝገብ ቁጥሩ ከኋላ ወደ ፊት ተገልብጦ ነው የሚጻፈው፤ እሷ ይህን ስታስረዳ እስከ ዛሬ ዓይኗ ይበራል። ማሽኖቹን በሰው ሳይሆን በሚቀመጡበት ቦታ ጠራቻቸው፦ ሚዛን፣ መጫኛ፣ ላይኛው ቢሮ። የጋራውን የይለፍ ቃልም ሻረችና ለእያንዳንዱ ሠራተኛ የየራሱን ሰጠች። በመጨረሻም ሁለቱ መዝገቦች መስማማታቸውን በየማለዳው የሚፈትሽና ካልተስማሙ የሚጮህ ትንሽ ፕሮግራም ጨመረች። አሁን ሁለተኛውም መዝገብ ጯሂ አገኘ።

ሰኞ ጠዋት ቶይባ መጣች፤ ግን በሩን አላለፈችም። ሻርፗን አጥብቃ ከግቢው ውጭ ቆመች። አቶ ሰይፈሚካኤል መጫኛው ላይ ወጡ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ ሹፌሮቹ ሞተር አጠፉ።

«ቶይባ አላጠፋችም። ሳላጣራ የተናገርኩት እኔ ነኝ። ይቅርታ እጠይቃለሁ።»

«አልሰማሁም» አለች ቶይባ ከበሩ።

ደገሙት፤ አሁን ጮክ ብለው።

ቶይባ ወደ ሶረቲ ዞረች። «ስሜን ከዚያ ቁጥር ላይ አንስተሽዋል?»

«አንስቼዋለሁ።»

«እንግዲያው ቁልፌን አምጡ» አለችና ገባች።