በአንዱ ጡቴ

የደነገጥኩት ልጄ ማልቀስ የተወ ዕለት ነው። ሲያለቅስማ ርቦት እንደሆነ አውቃለሁ። ዝም ብሎ ጣራ ጣራውን ሲያይ፣ እርግብግቢቱም ጎድጉዳ ሳያት ብድግ አድርጌ ታቀፍኩት።

ግራ ጡቴ በአራስነቴ ቆስሎ፣ መግል አውጥቶ ደርቋል። ዕድሜዬም ገፍቷል፤ ልጁ የመጣው ትልቋ ልጄ ከተዳረች በኋላ ነው። የቀረኝ ቀኙ ብቻ ስለሆነ እሱን እቆጥበው ነበር። በሰፈራችን ከአራዳ ገበያ በታች ውሃ ከምንጭ ቀድቶ በእንስራ ማጠራቀም ነው ልማዱ፤ ወተትም እንደዚያ መስሎኝ፣ ቀን የአብሽ ውሃ እያጠጣሁ ጡቴን ለማታ አቆይለታለሁ። ማታ ግን ከትናንቱ ያነሰ ነው የሚወጣው።

ጎረቤቴ ከወሎ የመጣ የቅመም ነጋዴ ሚስት ናት፤ የምታጠባት ሴት ልጅ አለቻት። ቀሚሷ ደረቱ ላይ ሁልጊዜ እርጥብ ነው። ያንን ሳይ ሆዴ ይቃጠል ነበር። ያን ዕለት ግን ልጁን ታቅፌ ወደሷው ሮጥኩ።

ምንም ሳትጠይቀኝ ተቀብላ አጠባችው። ሲውጥ ጉሮሮው ይሰማል። ደስ ይበለኝ ብል አንጀቴ አረረ። እጁን ዘርግቶ ደረቷን ጭብጥ አደረገ፤ እኔን እንደዚያ ይዞኝ አያውቅም።

«እትዬ፣ ከእንግዲህ ልጄን ለሱ ልጭለት ቢሉ አይሆንም» አለች እየሳቀች። «የጡት ወንድሟ ሆነ።»

«እኔስ ምኑ ልሁን?»

ሳቋን ተወች። «ለመሆኑ ቀን ቀን ያጠቡታል?»

«ለማታ ነው የማቆይለት።»

«ወይ እትዬ፣ ጡት እንስራ መሰለዎት? ካልጠቡት ይነጥፋል እኮ። እናቴ አንዱን ጡቷን በልጅነቷ እሳት በልቶት፣ ሁላችንንም በሌላው ነው ያሳደገችን። ባዶ ቢመስልዎትም ያጉርሱት።»

ወተቱም የሷ፣ ብልሃቱም የሷ። ቢሆንም ሰማኋት። ልጁን ከጡቴ አልነጥል አልኩ። መጀመሪያ ደረቁን ይስብና ያለቅሳል፤ ያኔ እሷ ትመጣና ታሟላለታለች። ድምጿን ከደጅ ሲሰማ አንገቱን ያዞራል። እኔ ደግሞ እንዳያያት ነጠላዬን አለብሰዋለሁ።

እያደር ቀኙ ከበደኝ። በዚያ በኩል ክንዴ ወደ ጎኔ አልገጥም አለ፤ ስሄድ ትከሻዬ ይዘነብላል። ገበያ ላይ አንዷ ሽንኩርት ሻጭ፣ «እመቤት፣ ጭነቱን ወደ አንድ ወገን ማን ጫነብዎት?» ብላ አሳቀችብኝ። እኔም ሳቅኩ።

አንድ ጠዋት ወተቱ በዝቶበት ትን አለው። ሳለ፣ መልሶ ያዘ፣ ጠባ፤ ከዚያ በገዛ ፈቃዱ ለቆ ተኛ። ጎረቤቴ እንደ ልማዷ መጣች።

«አምጡት።»

«ዛሬ ይቅር፣ ጠግቧል።»

ቆም ብላ አየችው። ጉንጩን ዳበስ ስታደርገው በእንቅልፉ ፈገግ አለላት፤ ፈገግታው አሁንም ቆረቆረኝ። ፈገግ ይበልላት እንግዲህ። ልጄ ተርፏል፤ የጠገበውም ከኔ ነው።