ከግድግዳው ማዶ የሚጮኸው ሰው

ሰሞኑን ልጄ ኮምፒውተር ላይ ጌም ስትጫወት፣ አንድ ወታደር ተመትቶ ከግንብ ሲወድቅ የለቀቀው ጩኸት ከወጥ ቤት አስሮጠኝ። ጩኸቱን አውቀዋለሁ። በዘጠናዎቹ አጋማሽ ቦንጋ ውስጥ ሁለት ሌሊት እንቅልፍ ነስቶኛል።

ከደብረ ብርሃን ተመድቤ ማስተማር ከጀመርኩ ሁለት ሳምንቴ ነበር። ጋሽ አሰፋ ከሚባሉ ጡረተኛ ጓሮ በኩል አንዲት ክፍል ተከራይቻለሁ። ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ሌላ ነገር አይሰማም። አንድ ቀን ግን ከግድግዳው ማዶ የሆነ ሰው እሪ አለ። ሞት የመጣበት ሰው ጩኸት ነው። ከዚያ ጭጭ።

በማግስቱም በዚያው ሰዓት ጮኸ። ያው ሰው ነው። «አስረው እየደበደቡት ነው» ብዬ ደመደምኩ። ለማን ልናገር? አገሩን አላውቅ። አከራዬንም ጠረጠርኳቸው። ጠዋት «ደህና አደርሽ መምህርት?» ሲሉኝ አንገቴን ደፍቼ አለፍኩ።

በሦስተኛው ቀን ሲጮህ ግን አላስቻለኝም። በዝናብ ሮጬ የጋሽ አሰፋን በር ደበደብኩ። ቁጭ ብለው ሬዲዮ ያዳምጣሉ።

«ጋሼ፣ ከኋላችን ሰው እየገደሉ ነው!»

ምንም ሳይጠይቁኝ ከዘራቸውን አነሱ። በዋናው መንገድ ዞረን ከክፍሌ ጀርባ ያለውን አሮጌ የእህል መጋዘን በር ከፈትን። ሰው ጢም ብሎ ተቀምጧል። ለካ በዚያው ሳምንት ቪዲዮ ቤት ተከፍቶበታል!

«ፊልም ነው እኮ!» አለ ባለቤቱ።

«የትናንቱስ? የከትናንት ወዲያውስ? አንድ ሰው ነው የጮኸው!»

«ትናንት የካውቦይ ነው ያሳየሁት፤ ከትናንት ወዲያ የአዞ። ምን አገናኛቸው?»

እልህ ይዞት ካሴቶቹን እያፈራረቀ አጫወተ። ካውቦዩ ከፈረስ ሲወድቅ፣ ዋናተኛውን አዞ ሲይዘው፣ ወታደሩ ሲመታ፣ ሦስቱም በአንድ ጉሮሮ ጮኹ። ቤቱ በሳቅ ፈነዳ።

«አንዱን ሰውዬ ስንቴ ነው የሚገድሉት?» አሉ ጋሽ አሰፋ።

አግዳሚው ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። የታሰረ የለም፤ የሞተ የለም።

ስንመለስ እሳቸውንም ጠርጥሬ እንደነበር ነገርኳቸው። ሳቁ። «ተጠርጣሪውን ለእርዳታ ጠራሽ በይኛ! ለሌላ ጊዜ በመጀመሪያው ቀን አንኳኪ፣ እሺ?»

ፊልም ሠሪዎች አንድን ድምፅ ደጋግመው እንደሚጠቀሙ የሰማሁት ከስንት ጊዜ በኋላ ነው። ተማሪዎቼ ለወራት ስቀውብኛል፤ በዚያ አላፍርም። የማፍረው በሁለቱ ቀን ዝምታዬ ነው። ጩኸቱ የእውነት ቢሆን ኖሮ፣ እኔ እስክደርስ ሰውየው አልቆለት ነበር። ተመስገን፣ ውሸት ሆነልኝ።